ለሐያት ክንድ ልክ የሆነው ጠመንጃ

ተገኘላት። ለሐያት ክንድ ልክ የሆነ፣ መክፈቻው በግራ በኩል ያለ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ትንሽ ጠመንጃ ተገኘላት። መገኘት ብቻ አይደለም፣ ባለፈው ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ወጥታ የኢላማውን ወረቀት መሀል ለመሀል በሳችው። በዐይኔ ነው ያየሁት፤ ማንም አልነገረኝም።

ይኸው፣ ሰላም ሳልልህ ወሬውን አስቀደምኩ። ታውቀኛለህ፣ ደስ ያለኝ ቀን አፌ ከእግሬ ይቀድማል። ሰይድዬ፣ የሐያት አባት፣ አላህ ያለህበትን ያስፋልህ፣ ብርሃን ያድርግልህ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አንተን ካጣንህ ሰባተኛው ረመዳን እየመጣ ነው። ሐያት ያኔ ገና የጫማዋን ክር ማሰር አታውቅም ነበር፤ አሁን ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል።

የምጽፈው ላንተ ነው፤ ግን ሌላውም ሰው ያንብበው ብዬ አልደበቅኩትም። ምክንያት አለኝ። እዚህ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር፣ እኛ ቤት ሰው ሞተ የሚል ወሬ ተነስቶ እስከ ሳን ሆዜ ደርሷል። እስካሁን ድረስ ደውለው «አላህ ያጽናሽ» የሚሉኝ አሉ፤ ማን እንደሞተ ግን አንዱም ደፍሮ አይጠይቀኝም። ከሰው ሰው ሲዞር ከሚበላሽ፣ ነገሩን ከመነሻው ከኔ ቢሰሙት ይሻላል።

ቤታችን ያው ያ አፓርታማ ነው፣ ያው ሁለተኛ ፎቅ። መንገዱ ተለውጧል። አንተ መኪናህን የምታጥብበት ቦታ አሁን ሕንፃ ተሠርቶበታል፣ ፀሐዩን ወሰደብን። ከታች ያሉት ሜክሲኮዎች አሉ፤ ልጃቸው አግብቶ ሄደ። እኔ በርክሌ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ነኝ፣ የበሽተኛ ትሪ እደረድራለሁ፣ እግሬን ያመኛል፣ ሌላ አልታመምኩም። ወንበርህ መስኮቱ ሥር ነው። ማንም አይቀመጥበትም፤ አትቀመጡ ያልኩት ሰው ግን የለም።

አንድ ነገር ልንገርህና ሰዎች ሲያነቡት ይሳቁብኝ። ኤርፖርት ሾፌር በነበርክ ጊዜ ከፈጅር በፊት ወጥተህ በአስር ሰላት ሰዓት ነበር የምትመለሰው። ደረጃውን ስትወጣ ላዩ ላይ ያለው እንጨት ይንቋቋል፤ ከዚያ ቁልፍህን ሳታወጣ በፊት ጉሮሮህን ትጠርጋለህ። እሱ ድምፅ አልቀረም። በዚያው ሰዓት ይመጣል፣ እንጨቱ፣ ከዚያ ጉሮሮው፣ ከዚያ ዝም። በሩ አይከፈትም። መጀመሪያ ላይ ሮጬ እከፍት ነበር፤ ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ የማንም ጫማ የለም። ኋላ መክፈቱን ተውኩት። ለሐያት ነግሬያት አላውቅም፤ ልጅ ለምን ላስፈራራ። ግን አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳያት፣ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወንበርህ ላይ ጥላለች። ልክ እንጨቱ ሲንቋቋ ቀና ሳትል፣ ስልኳን እያየች፣ ቦርሳዋን አንስታ መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንደዚያ ነች።

ወደ ጠመንጃው ልመለስ።

ሐያት ኤል ሴሪቶ የምትኖር ጓደኛ አለቻት። የዚያች ልጅ አባት ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ይወስዳል፤ የልጆች ክበብ አለ፣ አሠልጣኝ አለው፣ ሁሉም በሥርዓት ነው። ሐያት አብሬ ልሂድ ስትለኝ ዋና የምትሄድ መስሎኝ ፎጣ ጨመርኩላት። ስትመለስ ፎጣዋ ደረቅ ነው፣ ፊቷ ግን አበባ ሆኗል። የት ነበርሽ ብላት ነገረችኝ። ጮህኩባት፣ አልዋሽህም። እሷ ግን እንደ ሁልጊዜው በአማርኛ የጠየቅኳትን በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ «ማማ፣ ጎበዝ ነኝ እኮ» ነው ያለችው። በሂሳብም በሩጫም እንደዚህ ብላ አታውቅም። ካንተ በኋላ ይቺ ልጅ ጎበዝ ነኝ ያለችበት ነገር እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬ ሄድኩ፤ አይቼ ላስቆማት ነበር ሐሳቤ። ሂጃቧ ላይ የጆሮ መከላከያውን አድርገውላታል፣ መነጽር አለ። አሠልጣኙ ሽማግሌ ሰውዬ ነው፣ ሁሉንም ልጅ በየስሙ ይጠራል፣ የሐያትን ስም ከኔ በተሻለ ከጉሮሮው ነው የሚያወጣው። የክበቡን ጠመንጃ ሰጣት። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፣ ሰደፉን ትከሻዋ ላይ ደገፈችው። በግራ ትከሻዋ። ሐያት እኮ በቀኟ ነው የምትጽፈው። ቀኝ ዐይኗን ጨፈነች። የምላሷን ጫፍ በከንፈሯ ጥግ አወጣች። ከዚያ አውራ ጣቷን ምላሷ ላይ ነክታ፣ እጇን ዘርግታ የጠመንጃውን ጫፍ፣ ማነጣጠሪያውን፣ አረጠበችው።

ሰይድ፣ አግዳሚ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ሳን ሆዜ ወንድምህ እንድሪስ ዘንድ ሄደን ያ ትልቁ ባዛር የገባንበትን ቀን ታስታውሳለህ። ሐያት ጋሪ ላይ ተኝታ ነበር። በቡሽ የሚተኮስበት ድንኳን ጋ ቆመህ ጠመንጃውን በግራህ አንስተህ፣ ጣትህን ልሰህ ጫፉን ስታረጥበው «ሰውዬ፣ ቡሽ ነው እኮ የምትተኩሰው» ብዬ ሳቅኩብህ። «ፀሐይ እንዳያብረቀርቀው ነው፣ ዝም በይ» አልከኝ። ሰማያዊ የአሻንጉሊት ዝሆን ተሸለምክ። በመኪና ስንመለስ ደግሞ ጉንጭህ ላይ ያለው ጠባሳ ከየት እንደመጣ ነገርከኝ። ከተጋባን በኋላ ያን ሁሉ ጊዜ ሳልጠይቅህ መኖሬ ገርሞኝ ነበር። አባትህ በአሥራ ሁለት ዓመትህ ምንሽሩን አሸክመው ተኩስ አሉህ፤ ምንሽሩ ካንተ ይረዝማል፣ ሰደፉ ትከሻህ ላይ ሳይሆን ብብትህ ውስጥ ገባ፤ ስትተኩስ ወደ ኋላ ወደቅህ፣ ጉንጭህ ተሰነጠቀ፣ አገር ሳቀ። «ጠመንጃ ፈሪ ሆኜ ቀረሁ» አልከኝ። «ለልጄ እንዲህ አላደርግም። የመጀመሪያዋ ጠመንጃ በልኳ ይሆናል፤ እሷ ለጠመንጃው ከምታድግለት ጠመንጃው ለሷ ይነስላት።» እኔም ኦክላንድ ውስጥ ምን ልትተኩስ ነው ብዬ ሳቅኩ፣ አንተም ሳቅህ፣ አለፈ። ሐያት ያን ቀን ተኝታ ነበር። ቡሹንም ጣትህንም አላየችም። ማን ነው ያስተማራት? አሠልጣኙን በልጄ በኩል አስጠየቅኩት፣ «እኔ አይደለሁም» አለ። «ከቤት ያመጣችው መስሎኝ ነበር» አለ።

ከቤት። አዎ፣ ከቤት ነው።

ከዚያ ወዲያ ላስቆማት አልቻልኩም። ግን የክበቡ ጠመንጃ ለቀኝ ሰው የተሠራ ነው፤ ለትልቅ ሰው ስለሆነም ሐያት ከብዷት ወገቧን ወደ ኋላ ታጥፋለች። አሠልጣኙ አንድ ቀን ሁለት እጇን አጋጥማ በመሀሉ በቀረው ቀዳዳ ሩቅ ያለ ዛፍ እንድታይ አደረጋት፤ ከዚያ «የምትጽፈው በቀኝ ነው፣ የምታየው ግን በግራ ዐይን ነው፣ በቀኝ ብናስተኩሳት ሁልጊዜ ትስታለች» አለኝ። የራሷ ያስፈልጋታል አለ፤ አነስ ያለ፣ ቀላል፣ የግራ። እኔ ደግሞ ያንተን ቃል አስቤ እሺ አልኩ።

አሁን እኔ ስለ ጠመንጃ ስናገር ብትሰማ ትስቅ ነበር። ሃያ ሁለት የሚሉት ትንሽ ጥይት አለ፤ መርፌው መሀሏን ሳይሆን ጠርዟን ነው የሚመታት፣ አትጮህም፣ ትከሻም አትገፋም፣ ለጀማሪ ልጅ እሷ ነች። ጠመንጃው አንድ በአንድ ነው የሚጎርሳት፤ ተኩሰህ ቀለኋን አውጥተህ ሌላ እስክታስገባ ልጅ ያስባል፣ ይረጋል። ልኩን ለማወቅ ደግሞ ልጅቷ ክንዷን ታጥፋለች፣ ሰደፉ ክርኗ መታጠፊያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጣቷ ምላጩ ላይ ሳትንጠራራ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ረዥም ነው፣ ካለፈ አጭር ነው። አየህ እንዴት እንደምናገር። ሻጩ ሮዝ የተቀባ አመጣልን፣ ለሴት ልጅ ብሎ። ሐያት አየችውና «ይሄ የፀጉር ማበጠሪያ ነው?» አለችው። ሌላው የቀኝ ነበር፣ ሌላው የግራ ሆኖ ከባድ ነበር። ሳምንታት ዞርን። በመጨረሻ አንድ ሱቅ፣ ከሳን ሆዜ ወደ ላይ፣ ጥግ ላይ የቆመ ባለ ቡናማ እንጨት ጠመንጃ አወጣላት። ክንዷን አጠፈች፣ ሰደፉ ገባ፣ ጣቷ ደረሰ። «ማማ፣ አይከብድም» አለችኝ፣ በአማርኛ።

እዚህ አገር ግን ገዝተህ ይዘህ አትወጣም፤ እኔ የሴፍቲ፣ የጠመንጃ ጥንቃቄ፣ ፈተና ነበረብኝ፣ አጥንቼ አለፍኩ። ከዚያ አሥር ቀን ጠብቂ አሉኝ፣ ሕጉ ነው። በመሀሉ ወንድምህ ሰማ።

እንድሪስ ካንተ በኋላ ለሐያት አባቷ እሱ ነው። ቃሉን ረግጬ አልሄድም፤ ይህን ሁሉም ይወቅልኝ። ኮል አድርጎ ጮኸብኝ ብል ውሸት ነው፤ ረጋ ብሎ ነው የነገረኝ፣ እሱ ነው የባሰው። «እትዬ» አለኝ፣ «ሂጃብ ያደረገች ልጅ ጠመንጃ ይዛ ከመኪና ስትወርድ፣ ያየ ሰው መጀመሪያ ይጠይቃል ብለሽ ነው? በዚህ ጊዜ? በዚህ ስማችን?» ፍርሃቱ እውነት ነው፤ እኔም ስተኛ የማስበው እሱኑ ነው። ጠመንጃው በሣጥን ተቆልፎ ነው የሚሄደው፣ ጥይቱ ለብቻው ነው ብዬ ብነግረው «ሣጥኑን ማን ያያል፣ የሚያዩት እሷን ነው» አለኝ። ቅዳሜ ከሳን ሆዜ መጥቶ ሊያነጋግረኝ፣ ጠመንጃውንም ሊያስመልሰኝ ቀጠረ። ሐያት ከክፍሏ ሰምታለች። እራት አልበላችም። ጎበዝ ነኝ ያለችበት አንድ ነገር ሊወሰድባት ነበር፣ የሚወስድባት ደግሞ የሚወዳት ሰው ነው።

እኔ ምን አሰብኩ መሰለህ፣ እትዬ ዘይነብን ላስቀድም። አሁን ሰማንያን ሳትደፍን አልቀረችም፣ ዐይኗ ደክሟል፣ ግን ለእንድሪስ እንደ እናት ናት፣ ከወሎ ጀምሮ። እሷ መርቃ ከሰጠች እሱ አይነፍግም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጠመንጃውን ተቀብዬ እንደመጣሁ ደወልኩላትና «እትዬ ዘይነብ፣ እባክዎ አሁኑኑ ቤት ይምጡ፣ የማሳይዎት አለ» አልኳት። «ምንድነው ልጄ?» አለች። «በስልክ አይሆንም፣ ሲመጡ እነግርዎታለሁ» አልኩና ዘጋሁት።

ወገኔ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ከወዲሁ ራሱን ይዟል። እኛ ሰው ቤት ጠርተን በስልክ አይሆንም የምንለው መቼ ነው? መርዶ ሲኖር ነው። እኔ ደግሞ በደስታ ሰክሬ ይህን ረሳሁት። እትዬ ዘይነብ ስልኩን እንደዘጋች ደሴ ያለችው እናቴ ሞታ ብቻዬን የሰማሁ መስሏት ሁለት ሴቶች አስከትላ፣ ለእንድሪስም «ቶሎ ድረስ» ብላ ደውላ መኪና ውስጥ ገብታለች።

እኔ በበኩሌ ጠመንጃውን ላሳያት ከሣጥኑ አወጣሁት። መዝጊያውን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፣ ባዶ ብረት ነው። ዘይት ተቀብቷል፣ ሶፋው ደግሞ ነጭ ነው። ወፍራም ነገር ብፈልግ ቁም ሣጥን ውስጥ እጄ ያገኘው ጋቢህን ነው። እሱን አነጠፍኩና ጠመንጃውን ላዩ ላይ አስተኛሁት። ሐያት ተኩስ ስትሄድ ያንተን የሥራ ኮፍያ ነው የምታደርገው፣ ጥላው ለዐይኗ ይበጃታል፤ መጣችና ኮፍያውን አጠገቡ አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔም ሳምቡሳ ልጠብስ ወጥ ቤት ገባሁ።

እኔ ደሴ ከተማ ያደግኩ ሴት ነኝ እኮ ይህን ያደረግኩት። ገጠር ለቅሶ ያየሁት በልጅነቴ ነው። እዚያ ሸሆቹ ባይወዱትም ወንድ ሲሞት ጋቢው ይነጠፋል፣ ጠመንጃው ላዩ ላይ ይጋደማል፣ ቆቡ ከጎኑ ይቀመጣል፣ ሰው በዚያ ዙሪያ ያለቅሳል። እኔ ሳላውቀው አንድም ሳላጎድል ዘርግቼልሃለሁ።

በሩን ክፍት ትቼው ነበር። እትዬ ዘይነብ ገባች፣ ሶፋውን አየች። ከወጥ ቤት የሰማሁት ድምፅ ጩኸት አልነበረም መጀመሪያ፤ ትንፋሽ ነበር፣ ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው ዓይነት። ቀጥሎ ስምህን ጠራች። «ሰይድ» አለች፣ «ሰይድ የኔ ዘንፋላ፣ ሰይድ የኔ ሹፌር፣ በረኸኛውን አገር ያለ ጠመንጃ የተሻገርክ።» ደረቷን መታች። ሁለቱ ሴቶች ተቀበሏት። ኋላ ስጠይቃት «ለእናትሽ ላለቅስ ነበር የመጣሁት፣ ጋቢውን ሳይ አፌ ያንቺን ባል ስም አወጣ» አለችኝ።

ማንኪያዬን ይዤ ብቅ አልኩ። ማንም አልሞተም ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። አልወጣም አለኝ።

ሰይድ፣ አንተ በሹክሹክታ ነው የተለቀስከው። ቀብርህ በዙህርና በአስር መሀል አለቀ፤ ሴቶቹ ቤት ቁጭ ብለን፣ ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራ አፋችንን በነጠላ ይዘን። እንድሪስ ከመቃብር በቀጥታ ወደ ሥራ ሺፍቱ ሄደ፣ ቢቀር ሥራውን ያጣ ነበር። አባትህ አገር ቤት የራሳቸውን ምንሽር ዘርግተው እንዳስለቀሱልህ በቪዲዮ ላኩልን፤ ከፍቼው አላውቅም። እና ያን ሁሉ ዓመት በየአስሩ ደረጃውን ስትወጣ፣ በሩ ላይ ስትቆም፣ ምን እንደምትጠብቅ ያኔ ነው የገባኝ። ማንኪያውን መሬት አስቀምጬ ሶፋው ሥር ተቀመጥኩና ጮህኩ። እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ሐያት ከክፍሏ ወጣች። በእንግሊዝኛ ማን ሞተ አለች። እትዬ ዘይነብ ቀና ብላ «አባትሽ» አለቻት። ልጅቷ ተደናገጠች፣ በአማርኛ «ዛሬ?» አለች። እትዬ ዘይነብ «ዛሬ ነው የደረሰን» አለች። ሐያት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፣ ራሷን ጭኔ ላይ አደረገች። በአምስት ዓመቷ አንተ ምን እንደሆንክ ያልነገርናት ልጅ ያን ቀን ሁሉን ሰማች፤ አንተ ምን እንደምትወድ፣ እንዴት እንደምትስቅ፣ ሰው ምን ብሎ ይጠራህ እንደነበር። በልቅሶ ነው ታሪክህን የሰማችው።

እንድሪስ ጩኸቱን ከመንገድ ሰምቶ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፤ እንድሪስ ጫማ አድርጎ ቤት ገብቶ አያውቅም። ጋቢውን አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ ኮፍያህን አየ። ሊያስመልሰኝ የመጣበትን ነገር እያየ መሆኑን አላወቀም። አነሳው። በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳና የአባታችሁን ስም እየጠራ፣ ያንተን ስም እየጠራ ክፍሉን ዞረ። ያን የልጅ መጫወቻ የሚያህል ጠመንጃ። ሐያት ድንገት ተነስታ «አንክል፣ አፈሙዙ!» አለች፣ አሠልጣኛቸው ወደ ሰው እንዳይዞር ብሎ ያስተማራቸው ነገር ነው። ዕንባዋ እየወረደ እጁን ይዛ አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰችው። እሱም ታዘዛት። ወደ መሬት አድርጎ ልቅሶውን ቀጠለ። እትዬ ዘይነብ በመሀል ሳቋ አመለጣት፣ እኔም፤ ከዚያ ተመልሰን አለቀስን።

ሳምቡሳው አረረ። ደክሞን ስንቀመጥ ነገሩን አስረዳኋቸው፤ አንዱም አልተቆጣኝም። እንድሪስ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰደፉን በመዳፉ ሲያብስ ቆየ። እኔ ራሴ ጀመርኩለት፣ ሱቁን ጠይቄ እመልሰዋለሁ አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ።

«ጠመንጃውን ነዋ።»

«ይሄ የወንድሜ ነው።»

«እኔ እኮ ነኝ ዛሬ ጠዋት ያመጣሁት።»

«ተለቅሶበታል እትዬ» አለኝ። «አንዴ ከተለቀሰበት የሰይድ ነው። የሰይድ ከሆነ ደግሞ የልጁ ነው። የአባቷን ጠመንጃ ከልጅ እጅ የሚነጥቅ ሰው አልሆንም።» ፍርሃቱን ግን አልካደም። «እኔ ነኝ የምወስዳት» አለ። «ሣጥኑን እኔ እሸከማለሁ። የሚያይ ሰው ካለ መጀመሪያ እኔን ይይ።» ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳን ሆዜ እስከዚህ ይነዳል። ጠመንጃው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ ጋቢህ አብሮት ነው፣ ልለየው አልቻልኩም።

በማግስቱ ከታች ያለችው ሴትዮ ትኩስ ታማሌ፣ ያን የበቆሎ ሊጥ ምግባቸውን፣ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። ማን ነው የሞተው አለችኝ በቀስታ። «ባሌ» አልኳት። እውነቴን ነው። እጄን ይዛ አለቀሰችልኝ፤ እኔ ደግሞ ታማሌውን ይዤ ፈገግ አልኩ፣ እብድ ሳትለኝ አልቀረችም።

ከዚያ ቀን በኋላ ለሦስት ቀን ደረጃው ዝም አለ። በአስር ሰዓት እንጨቱን ጠበቅኩ፣ ጉሮሮህን ጠበቅኩ፣ የለም። ሄድክ ማለት ነው ብዬ ደስም አለኝ፣ ወላሂ ቤቱም ጠበበኝ። ሐያት ቦርሳዋን ወንበርህ ላይ ትታው ዋለች፣ አላነሳችውም። በአራተኛው ቀን ትሪ ስደረድር ውዬ ገብቼ፣ ስግደት ላይ ሳለሁ እንጨቱ ተንቋቋ። ጉሮሮው ግን አልመጣም። እግሩ በሩ ላይ አልቆመም፤ ገብቶ አለፈ፣ እንደ ባለ ቤት። ሰላቴን ጨርሼ፣ አሰላምቼ ስዞር ቦርሳው መሬት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ነው ነገሩ። ሞተ የተባለው ሰይድ ነው፣ የሞተውም ያኔ ነው፣ ያለቀስነው ግን ዘንድሮ ነው። አሁንም ልታጽናኑኝ የምትደውሉ ደውሉ፣ አልከፋም፤ ስለሱ የምታውቁትን አንድ ነገር ግን ለልጁ ንገሯት፣ እሷ እየሰበሰበች ነው። አንተንም የኔ ጌታ፣ ከእንግዲህ በሹክሹክታ አላስታውስህም። ስምህን እጠራለሁ፣ ሥራ ቦታም፣ አውቶቡስ ላይም፤ ሐያትም ትጠራዋለች።

ልጅህ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ክበቡም በልጆቹ ውድድር አስገብቷታል፣ የመጀመሪያዋ ነው። ጠዋት ኮረብታው ላይ ትተኩሳለች፤ የፈለገ መጥቶ ከኋላ ይቁም፣ ጆሮውን ይሸፍን። ከዚያ ሁላችንም ወደ ቤት ነን። እንድሪስ በግ አሳርዳለሁ ብሏል፣ እትዬ ዘይነብ ትመርቃለች፣ ላንተም ዱዓ ይደረጋል። የታችኞቹን ጎረቤቶች ጠርቻቸዋለሁ። በስልክ አይሆንም አልልም በዚህ ጊዜ፣ ይኸው በጽሑፍ ነው፣ ደስታ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ለልቅሶው የሮጣችሁ፣ ሰምታችሁም የቀራችሁ፣ አንድ ሰው እንዳይቀር፤ ከኢድ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፣ ከዙህር በኋላ።